በትውልድ ቀዬው ጠጋኝ ያጣው የኪስ አጀንዳ

ከሳን ሆዜ መሀል ከተማ በሰሜን ምዕራብ በኩል ሳንታ ክላራ፣ ሰኒቬል፣ ማውንቴን ቪውና ሎስ አልቶስ የተባሉ ከተሞች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተያይዘው ይገኛሉ። ዛሬ በየኪሳችን ላለው ዘመናዊ ስልክ መንገድ ከጠረጉት መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ፓልም፣ የኪስ ኤሌክትሮኒክ አጀንዳው፣ የተፀነሰው፣ ያደገውና የከሰመው በእነዚሁ ጎረቤታሞች ከተሞች ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ኩባንያውን ጄፍ ሆኪንስ በ1992 መሠረተ፤ ፓይለት የተባለው የመጀመሪያው መሣሪያ በ1996 ገበያ ላይ ዋለ፤ ሒውሌት ፓካርድ ኩባንያውን በ2010 በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ በማግስቱ ዓመት የመሣሪያዎቹን ሥራ አቆመ። ልደቱም ቀብሩም በሃያ ዓመት ውስጥ በአንድ ሰፈር ተፈጸመ። ዛሬ በዚያው ሰፈር ያረጀ ፓልም ይዞ «ጠግኑልኝ» የሚል ሰው፣ በትውልድ አገሩ ሐኪም የታጣለትን በሽተኛ ተሸክሞ የሚንከራተት ይመስላል።

ነገሩ የትዝታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ አምድ ባላነሣሁት ነበር። በኦክላንድ የሚኖሩ አንድ የማከብራቸው አባት ለረጅም ዓመታት የዕድራቸው ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል። የአባላቱን ስምና አድራሻ፣ ማን በየትኛው ወር እንደከፈለ፣ ሰው ሲያርፍ አገር ቤት ለማን እንደሚደወል፣ የሟቾቹን የመታሰቢያ ቀን ሳይቀር የያዙት በአንድ ፓልም ፋይቭ ውስጥ ነው። መሣሪያው ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ከኃይል መሙያው ላይ ሲነሣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። ሴት ልጃቸው አዲስ ስልክ ገዝታ «አባባ፣ እንግዲህ ይህን ይጣሉት» ብትላቸው፣ «ለስልኩ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ እዚህ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ግን ማን ይገለብጣቸዋል?» አሏት። እኔንም ባገኙኝ ጊዜ፣ «አንተ መሐንዲስ ነህ ይሉኛል፤ ይኼ ነገር ይታከማል ወይስ ይቀበራል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በዘጠናዎቹ መጨረሻና በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ የስደት ኑሮውን በእንዲህ ያለ መሣሪያ ያደራጀ ሰው በየማኅበራችንና በየዕቁባችን አይጠፋም። ይሁንና «ይጠገን ወይስ ይለወጥ» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ያስኬዳል፤ ዕቃውንና በዕቃው ውስጥ ያለውን። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ ይህ መደበላለቅ ብዙ አይጎዳም። በፓልም ላይ ግን ይጎዳል፤ ምክንያቱም አንዳንዱን ፓልም መጠገን ማለት ትዝታውን ማጥፋት ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ላብራራ። የዱሮዎቹ ፓልሞች የተጠቃሚውን ጽሑፍ የሚያኖሩት ራም በተባለው ማህደረ ትውስታ ነበር። ራም ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ ያስታውሳል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሁሉን ይረሳል። መሣሪያው ተዘግቶ ኪስ ውስጥ ሲቀመጥም እንኳ ባትሪው ጥቂት ጥቂት እየመገበው ነው የሚያድረው። የመጀመሪያው ፓይለት 1000 ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓልም ስሪ በሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋዮች ይሠሩ ነበር። ድንጋዮቹ ሲያልቁ ባለቤቱ በጥፍሩ ክዳኑን ከፍቶ በቶሎ ይተካቸዋል፤ አሮጌዎቹ ወጥተው አዲሶቹ እስኪገቡ ድረስ ባለችው አንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ካፓሲተር የምትባል ትንሽ የኃይል ማቆያ ትዝታውን ትጠብቀዋለች። መላ ያለው፣ ሰው በራሱ እጅ ሊያስታምመው የሚችል አሠራር ነበር።

በ1999 የወጣው ፓልም ፋይቭ ይህን ለወጠው። ያን ጊዜ በፓሎ አልቶ የነበረው አይዲዮ የተባለ የንድፍ ኩባንያ የተሳተፈበት፣ በአሉሚኒየም የተለበጠ፣ ቀጭንና እጅግ ያማረ ዕቃ ነበር። ቅጥነቱ የተገኘው ግን በዋጋ ነው። የባትሪ ድንጋዮቹ ቀርተው በውስጡ ሊቲየም አዮን ባትሪ ተቀበረ፤ ሽፋኖቹም በብሎን ሳይሆን በማጣበቂያ ተያያዙ። ካቻቪቴ የሚገባበት ቦታ የለውም። ሊከፍተው የሚፈልግ ሰው ጠርዙን በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ፣ ማጣበቂያው ሲላላ በቀጭን ፕላስቲክ ቀስ እያለ መፈልቀቅ አለበት። ዛሬ ስልኮቻችንን ለመክፈት የምንታገለው ትግል ሁሉ አባቱ ይህ ንድፍ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ሽፋኑ በደኅና ቢከፈትም እንኳ አሮጌው ባትሪ ከሰሌዳው ሲነቀል በራሙ ውስጥ ያለው መዝገብ አብሮ የመጥፋት አደጋ አለበት። ቀዶ ጥገናው ተሳክቶ በሽተኛው ማንንም ሳያውቅ ይነሣል።

ስለዚህ ለእኒያ አባት የሰጠኋቸው የመጀመሪያ መልስ «ማንም ሰው እንዳይከፍተው፣ ከመሙያውም እንዳይነሣ» የሚል ነበር። ከ2004 ወዲህ እንደ ታንግስተን ቲ ፋይቭ ባሉ ሞዴሎች ኃይል ቢቋረጥም የማይረሳው ፍላሽ ገብቷል፤ የእነዚያ ባለቤቶች ጥቂት እፎይ ሊሉ ይችላሉ። ከዚያ በፊት የተሠራ ያለው ሰው ግን ከባትሪው ጋር እሽቅድምድም ላይ መሆኑን ይወቅ።

መዝገቡን የማውጣቱ ሥራ ከሚታሰበው በላይ የሚቻል ነው። ፓልም ገና ከመጀመሪያው የተሠራው ከኮምፒዩተር ጋር እንዲጣመር ተደርጎ ነው፤ በማስቀመጫው ላይ ያለችው አንዲት ቁልፍ ስትጫን በሁለቱም ያለው መዝገብ ይመሳሰላል። ችግሩ የዱሮው ማስቀመጫ የሚሰካው ዘጠኝ እግር ባለው ሲሪያል ሶኬት ላይ መሆኑና ዛሬ ይህ ሶኬት ያለው ኮምፒዩተር ብርቅ መሆኑ ነው። ከሲሪያል ወደ ዩኤስቢ የሚለውጥ ገመድ ግን በርካሽ ይገኛል። ጄ ፓይለትና ፓይለት ሊንክ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች አድራሻውን፣ ቀጠሮውንና ማስታወሻውን ለየብቻ ፋይል አድርገው ይገለብጣሉ። ከዚህም አልፎ በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ኢንተርኔት አርካይቭ በ2022 የፓልም ፕሮግራሞችን ስብስብ በድረ ገጹ ላይ አኑሯል፤ አንድ ሰው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ መስኮት ውስጥ ፓልምን አስመስሎ የሚሠራ መሣሪያ ከፍቶ የዱሮውን ገጽታ እንዳለ ሊያየው ይችላል። ዕቃው ሞቶ መንፈሱ በሌላ ዕቃ ሲኖር ማየት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ደስ ይላል። ላልለመደው ትንሽ ያስፈራል።

እስከዚህ ያለው የሽቦና የፕሮግራም ነገር ነው። ለእኛ ግን ከሽቦው ይልቅ የሚከብደው የጽሑፉ ነገር ነው።

ፓልም አማርኛ አያውቅም ነበር። የዱሮዎቹ ሞዴሎች እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ባይት ይወክሉ ስለነበር ለሁሉም ምልክት የነበራቸው ቦታ 256 ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሰንጠረዥ የገባው ፓልም ፋይቭ በወጣበት በዚያው በ1999 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ለፊደላችን፣ ለቁጥሮቻችንና ለሥርዓተ ነጥባችን የተሰጠው ቦታ ከ340 ይበልጣል። በ256 ቀዳዳ የሚያልፍ አልነበረም። ስለዚህ ወገኖቻችን ሁሉን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ያውም በግራፊቲ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል በአንድ ጭረት እንዲጻፍ መሣሪያው ባወጣው ሥርዓት። ሰው ለማሽኑ ሲል አዲስ የፊደል ገበታ ቆጠረ።

ችግሩ አማርኛን በላቲን ስንጽፍ ሁላችንም የየራሳችን ደራሲ መሆናችን ነው። አንዱ ጸሐይን በ«ቲ ኤስ» ይጀምራል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ፤ አንዱ ጠ እና ተን ይለያል፣ ሌላው አይለይም። በጥቂት ሆሄ አጥሮ የተጻፈ ማስታወሻ ደግሞ ከጸሐፊው በቀር ፈቺ የለውም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1993 ሴራ የተባለ ወጥ የአጻጻፍ ሥርዓት ማዘጋጀታቸው ይታወቃል፤ በታክሲ ወንበር ላይ ተቀምጦ በፓልም የሚጽፍ ሰው ግን እርሱን አይከተልም። ስለሆነም ፋይሉ በሙሉ ወደ ኮምፒዩተር ቢገለበጥም ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ባለቤቱ በሕይወትና በጤና ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጦ «ይህ ማን ነው? ይህስ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅና በፊደላችን መገልበጥ ያስፈልጋል። የትኛውም ገመድ ይህን አይሠራልንም።

የስሙም አደራደር ሌላ ጣጣ አለው። ፓልም ሰዎችን የሚደረድረው «በመጨረሻ ስም» ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም የቤተሰብ ስም ሳይሆን የአባት ስም ስለሆነ፣ ከበደ የሚባል አባት ያላቸው የማይዛመዱ አሥር ሰዎች አንድ ላይ ይሰለፋሉ። ይህን የተረዱ ሰዎች ስሙን በመጨረሻ ስም ቦታ፣ የአባትን ስም በስም ቦታ አገላብጠው ጻፉ፤ ሌሎች ሁለቱንም በአንድ ቦታ ደረደሩ። መዝገቡ ወደ አዲስ ስልክ ሲዛወር እነዚህ ሁሉ ብልሃቶች ይተረማመሳሉ። የሟች ልጅ በአባቱ ስም፣ አባት በልጁ ስም ሲመዘገብ አንድ ዕድር ምን ዓይነት ስሕተት ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ለአንባቢ እተዋለሁ።

የቀን አቆጣጠሩን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል፤ ምክንያቱም የመሐንዲስ ቀልብ የሚስብ ጉዳይ በውስጡ አለ። ፓልም አንድን ቀን የሚያስቀምጠው በ16 ቢት ነው፤ 7 ቢት ለዓመት፣ 4 ለወር፣ 5 ለዕለት። ሰባት ቢት 128 ዓመታትን ይይዛል፤ ቆጠራው ከ1904 ይጀምራል፤ ስለዚህ የፓልም ዘመን ዲሴምበር 31 ቀን 2031 ያበቃል። በእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 2024 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ በቀጠሮ መዝገቡ ላይ ምንም ቀን ሊጻፍ አይችልም። የጠገኑትም ያልጠገኑትም እኩል የሚቆሙባት ዕለት ናት።

አራቱን ቢት ግን እንመልከት። አራት ቢት እስከ 15 ይቆጥራል። አሥራ ሦስተኛዋ ወራችን ጳጉሜን በዚያ ውስጥ ተመችቷት ትቀመጥ ነበር። ቦታ አልጠፋም፤ ሠሪዎቹ እንዲህ ያለ ወር መኖሩን አላሰቡም እንጂ። ውጤቱም ይህ ነው፦ የሰው መታሰቢያ ኅዳር 12 ቢሆን ባለቤቱ ኖቬምበር 21 ብሎ መዝግቦ «በየዓመቱ ድገም» ይለዋል። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ማግስት ግን ኅዳር 12 የሚውለው ኖቬምበር 22 ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 20 የዋለው በዚሁ ምክንያት ነበር። ከመስከረም አንስቶ እስከ የካቲት ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ያሉ ዕለቶች በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ይዛነፋሉ። መዝገቡን እንዳለ ወደ አዲስ ስልክ የገለበጠ ሰው ስሕተቱንም አብሮ ይገለብጣል። አገርኛውን አቆጣጠር የሚያውቅ ፕሮግራም በስልኩ ጭኖ ቀኖቹን በእጁ ቢመዘግብ ግን ለውጡ እውነተኛ መሻሻል ይሆናል። መለወጥን ያለ ማመንታት የምደግፈው በዚህ በኩል ነው።

የመጠገኑ ጥያቄ እንግዲህ የሚመጣው መዝገቡ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜም መልሱ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን መጠገን ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ድንጋዩ ውስጡ ፈሶ ብረቱን አረንጓዴ ካደረገው በጥቂት ኮምጣጤ ማጽዳትና ማድረቅ ይበቃዋል፤ ብዕሩ በአንድ ቦታ ሲነካ በሌላ ቦታ የሚጽፍ ከሆነ ስክሪኑን ደግሞ ማስተካከል ነው። የተጣበቀውን ግን፣ እጁ ለመክፈት የሚያሳክከው ካልሆነ በቀር፣ ለማንም አልመክርም። ባትሪው ካበጠ ደግሞ ጨርሶ አይነካ፤ ሊቲየም ሲቀደድ ይቀጣጠላል። በካሊፎርኒያ ባትሪን ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል ክልክል ነው፤ የአላሜዳ ካውንቲ በኦክላንድ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ አለው።

ጠጋኝ የት ይገኛል? በሲሊከን ቫሊ እምብርት መልሱ አሳፋሪ ነው። መሐንዲሶች ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ሲያገላብጡ የሚውሉበት በሰኒቬል የነበረው ዊርድ ስታፍ ዌርሃውስ በ2018 ተዘጋ። ከሬዚስተር እስከ ቴሌቪዥን የሚሸጠው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሳን ሆዜ የነበረው ፍራይስ ኤሌክትሮኒክስም በፌብሩዋሪ 2021 በአንድ ሌሊት መደብሮቹን ሁሉ ዘጋ። ኦክላንድ የተሻለች ናት። የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያለው የቴመስካል ቤተ መጻሕፍት እንደ መጽሐፍ ሁሉ መሣሪያ ያውሳል፤ ከ2000 ጀምሮ ማንም የከተማው ነዋሪ በቤተ መጻሕፍት ካርዱ የሥራ መሣሪያ ይዋሳል። ፊክስት ክሊኒክ የተባለው የበጎ ፈቃድ እንቅስቃሴም ከ2009 ጀምሮ በዚሁ የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ተወልዶ፣ በጎ ፈቃደኞች ከዕቃው ባለቤት ጋር አብረው እየፈቱ የሚጠግኑባቸውን ቀናት ያዘጋጃል። እንጀራ ለመብላት ወደዚያ ጎዳና ከሚመጡት ወገኖቻችን ስንቱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጎራ ብሎ እንደሚያውቅ እጠራጠራለሁ።

በዚህ ቦታ ላይ መርካቶን መጥቀስ የተለመደ ነው። እውነትም ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃና ባልዲ ሲወጣ ያየ፣ በአዲስ አበባ በአንድ ክንድ ስፋት ባንኮኒ ላይ የስልክ ሰሌዳ የሚበይዱ ወጣቶችን ያየ ሰው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ «አዲስ ይግዙ» ሲባል ይገረማል። ቢሆንም ድህነት ያስገደደውን ብልሃት እንደ ፍልስፍና ማወደስ አልወድም። የአዲስ አበባው ጠጋኝ የሚሠራው የመሣሪያውን ንድፍ ሳያይ፣ መለዋወጫውን ከሌላ ሬሳ ላይ እየነቀለ ነው። የሚያስፈልገው ሙገሳ ሳይሆን የሠሪው የጥገና መመሪያ ነው።

የካሊፎርኒያ ሕግ ለእኛም አገር የሚነካን በዚህ ነው። ኤስ ቢ 244 የተባለውን የመጠገን መብት ሕግ አገረ ገዢው ጋቪን ኒውሰም በኦክቶበር 2023 ፈረሙበት፤ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ኤሌክትሮኒክ ዕቃ የሚያመርት ኩባንያ ለባለቤቱም ለነጻ ጠጋኙም መለዋወጫ፣ መሣሪያና የጥገና ሰነድ በተመጣጣኝ ሁኔታ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ዋጋው ከ50 እስከ 99.99 ዶላር ለሆነ ዕቃ ምርቱ ካቆመ በኋላ ለሦስት ዓመት፣ ከ100 ዶላር ጀምሮ ለሰባት ዓመት። መለዋወጫ ድንበር ለመሻገር ቀረጥና ጊዜ ይፈጅበታል፤ ሰነድ ግን አንዴ ሳን ሆዜ ላይ ከወጣ መርካቶ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ሕጉ ጥሩ ነው፤ ጎደሎም ነው። የሚሸፍነው ከጁላይ 1 ቀን 2021 ወዲህ የወጡ ምርቶችን ስለሆነ ፓልምን አይመለከትም። ቢመለከትስ ማን ይጠየቃል? ፓልም በመጀመሪያ የዩ ኤስ ሮቦቲክስ፣ ቀጥሎ የስሪ ኮም፣ ቀጥሎ የራሱ፣ በመጨረሻ የሒውሌት ፓካርድ ሆነ፤ የፕሮግራሙ ክፍል አክሰስ ለተባለ የጃፓን ኩባንያ ተሸጠ፤ ስሙን ደግሞ የቻይናው ቲ ሲ ኤል ገዛው። ሰባት ዓመት ቢባል፣ የኩባንያው ዕድሜ ራሱ ሰባት ዓመቱን ላይሞላ ይችላል። እኔ የምለው፣ አንድ አምራች ዕቃውን መደገፍ በሚያቆምበት ዕለት ንድፉንና የጥገና መመሪያውን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስቀምጥ ይገደድ ነው። ኩባንያዎቹ የንግድ ምሥጢር ነው ይላሉ። በሕይወት ላለ ምርት ክርክሩ ሊደመጥ ይገባዋል፤ ከሞተ አሥር ዓመት ያለፈው ዕቃ ግን ምሥጢሩ የሚጠቅመው ለማን ነው?

«ታዲያ አዲስ መግዛት ምን ነውር አለው?» የሚል ቢኖር፣ ነውር የለውም። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በሚያወጡት ሪፖርት መሠረት ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ አምርታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩቡ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ኔትወርክ የማያውቅ አጀንዳ ኔትወርክ ሲዘጋ አይሞትም። ኤ ቲ ኤንድ ቲ በ2022 የሦስተኛ ትውልድ ኔትወርኩን ሲዘጋ በርካታ ያልተበላሹ ስልኮች በአንድ ቀን ዝም አሉ፤ ፓልም ፋይቭ ግን ነገሩን አልሰማም። መዝገቡን ለማንም ኩባንያ አይልክም፤ ማስታወቂያም አያሳይም። የዕድር ሚስጥር ለሚይዝ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኒያ አባትም በዚሁ ተስማምተዋል። ልጃቸው ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ አጠገባቸው እየተቀመጠች፣ እርሳቸው እያነበቡ እርሷ በአማርኛ ትጽፋለች፤ አንድ ቅጂ በስልኩ፣ አንድ ቅጂ በወረቀት። ፓልሙ ሥራው እስኪያልቅ ከመሙያው አይነሣም።

ይህን የጨረሰ ሰው አሮጌውን ለሌላ ከመስጠቱ ወይም ለመልሶ መጠቀሚያ ከማስረከቡ በፊት ውስጡን ያጥፋ። በፓልም ላይ «የግል» ተብሎ የተደበቀ ጽሑፍ ከዓይን ይሰወራል እንጂ በምሥጢር ቁልፍ አይቆለፍም፤ በቀላል ፕሮግራም ይነበባል። ማጥፋቱ ቀላል ነው፤ የማብሪያውን ቁልፍ እንደተጫኑ በጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በቀጭን ነገር መጫን፣ ከዚያም በስክሪኑ ላይ ለሚመጣው ጥያቄ ወደ ላይ የሚያወጣውን ቁልፍ ተጭኖ መስማማት ነው። ከዚያ በፊት ግን ቅጂው በሁለት ቦታ መኖሩን፣ መነበቡንም ማየት ያስፈልጋል።